ከጥቁሩ ቀለም በታች

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰች የምታድር፣ ሳቋ ከሞተሩ ድምፅ ቀድሞ ቤት የሚገባ። የነዳጅ ታንኩ ላይ በገዛ እጇ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ስላበት ነበር። ሕመም ድንገት ነጥቆ ሲወስዳት፣ እናቷ ወፏን ማየት አልችል ቢሉ ታንኩን ጥቁር አስቀቡት።

ዓመታት አለፉ። ባለቤታቸው እህታቸውን ሊያስታምሙ በሄዱበት ሰሞን፣ ሽማግሌው ታንኩን ፈተው የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ወሰዱት።

«ጥቁሩ ብቻ እንዲለቅልኝ ነው» አሉት።

«እንግዲያው በአየር ግፊት የሚረጨውን አሸዋ እንዳያስነኩት ጋሼ» አለ ጎማ ጠጋኙ። «የአሸዋ ሙያው የዛገ በር ላይ ነው፤ ለስስ ነገር ምሕረት የለውም። ተፈጭቶ የሚሸጥ የፍሬ ቅርፊት አለ፣ እሱ ለስላሳ ነው። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።»

ለትልቅ ኮምፕረሰር አቅሙ ስላልነበራቸው የእሱን አሮጌ ጎማ መንፊያ ተዋሱ። መርጫውን ያገለገለ ገዙ፤ ብናኙ እንዳይበተን በርሜል ሰንጥቀው፣ መስታወት ገጥመው ሣጥን አበጁ። መንፊያዋ ጥቂት ተንፍሳ ታለከልካለች፤ እሳቸውም አየር እስክትሞላ ቁጭ ነው። ያም ሆኖ ጥቁሩ እየተፈረፈረ የወፏ ክንፍ ጫፍ ብቅ አለ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ።

ከዚያ ቅርፊቱ አለቀ። ሻጩም ጋ የለም። በዚያው ቀን ባለቤታቸው «ነገ እመጣለሁ» ብለው ደወሉ። ሽማግሌው ነገሩን በእንጥልጥል ትተው ሊቀበሏቸው አልሆነላቸውም። አሸዋ በዱቄት ወንፊት ነፉ፤ ደግመው ነፉ። «እንዲህ ከላመማ ምን ያደርጋል?» ብለው ራሳቸውን አሳምነው ታንኩ ላይ ረጩት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሳቸው ያፈሰሱት ግን የሚለቀም አልነበረም። የሣጥኑ መስታወት በአቧራ ታውሮ ስለነበር ያዩት መርጫውን ካቆሙ በኋላ ነው። ጥቁሩም የለ፣ ወፏም የለች። የቀረው ራቁት ብረት ነው፤ እሱም አንድ ጎኑ ተበስቷል።

በማግስቱ ለባለቤታቸው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ባለቤታቸው ብረቱን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ወፏ አንገቷን ወደየት ነበር ያዞረችው?» አሉ።

«ወደ ግራ።»

«የለም፣ ወደ ቀኝ ነው እንጂ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የወፏ ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም።

«እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እንጃ።»