የአለቃ ቤት ሐዘን

ቅጣው የደብተራ ሰፈርን ሞት ሲለፍፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው። ክፉ ሥራ አይደለም፤ ሰው ግን በማለዳ ሲያየው አይወድም። ዳቦ ሊገዛ እንኳ ብቅ ቢል፣ አጠገቡ የደረሰች ሴት «ደግሞ ማን ነው?» ብላ ደረቷን ትይዛለች። «ዳቦ ነው» ይላል ቅጣው። በዚህ ቀልድ እስከ ዛሬ ይስቃል፤ ሌላው ሰው መሳቁን ከተወ ግን ቆይቷል።

የእድሩ ለፋፊ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይነሣና እየለፈፈ እስከ ታችኛው መንገድ ይወርዳል። የሟቹን ስም አይጠራም። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ስሙን በመንገድ ላይ መጮህ ነውር ነው ብለው የጥንቶቹ ስለደነገጉ፣ የሚጠራው ቤቱን ነው። ቤቱ ደግሞ የሚጠራው በሠራው ሰው ስም ነው። ሰፈርተኛው የትኛው ቤት ማን እንደታመመ ያውቃልና ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል።

ደንቡ ሲወጣ ሰፈሩ እውነትም የደብተራ ነበር። ዐሥራ አራት የድንጋይ ቤት፣ ጣሪያው አፈር፣ ከየደጁ የዜማ ድምፅ የማይጠፋበት። ከዚያ ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ለበቅሏቸው ማሰሪያ፣ ለራሳቸው ማደሪያ ሲሉ በየጓሮው ክፍል ተከራዩ። ከዚያ አፈሩ ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ። የካህናቱ ልጆች ገሚሶቹ አዲስ አበባ ገሚሶቹ ጅዳ ገቡና ከጅዳ በላኩት ብር ብሎኬት ተደረደረ። ድጓ ይነገርበት የነበረው ክፍል ዛሬ ሞባይል ይጠገንበታል። ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ባጃጅ ገባ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ከአበርገሌ ቆላ የተፈናቀለ ሰው በየክፍሉ ተጠጋ። ቅጣው ግን ቤቶቹን በድሮ ስማቸው መጥራቱን አልተወም። ፀጉር ቤቱ ለእሱ አሁንም «የመሪጌታ ካሤ ቤት» ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ልጅ መሪጌታ ካሤ የሚባል ሰው ሰምቶ ባያውቅም።

የእድሩ ሊቀ መንበር የሻምበል የሚባል፣ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ ቀልጣፋ ሰው ነው። ማንንም አይበድልም፤ ደንብ ግን ይወዳል። ባለፈው ስብሰባ፣ «ከመጪው መስከረም ጀምሮ መርዶውን በቴሌግራም እናድርገው። አያ ቅጣውም ይረፉ» ብሎ አስወሰነ። ቅጣው «ዕረፍቱስ አይቀርልኝም፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ብሎ ቤቱን ሁሉ አሳቀ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን እሱ አልሳቀም።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ማስተዋል በሩን አንኳኳች። ማስተዋል ከአበርገሌ ተፈናቅላ የመጣች፣ በሟቹ በአለቃ ገብረ ሊባኖስ ጓሮ ባለችው ክፍል ከእናቷ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ በታችኛው መንገድ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ናት። እናቷን ለተሥላሴን በአህያ ጭና ነበር ሰቆጣ የገባችው።

«አያ ቅጣው፣ እናቴ ዐረፈች።»

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ።»

«የእድር ሰው እንዳልሆንሁ አውቃለሁ። ጥሩምባ ይንፉልኝ አልልዎትም። ቃሬዛ ከማን እንደምዋስ ብቻ ያሳዩኝ። ሦስት ሰው ባገኝ ይበቃኛል። አንዱን ወገን እኔ እይዛለሁ።»

ቅጣው ስንቱን ሐዘን አይቷል፤ የእናቷን ቃሬዛ በትከሻዋ ልትሸከም የተዘጋጀች ሴት ግን አላየም። አባል ላልሆነ ጥሩምባ አይነፋም፤ ደንቡ ግልጽ ነው። ቅጣውም ደንቡን ከማንም በላይ ያውቃል። ጥሩምባውን ከግድግዳው አወረደ።

«ቤትሽ ግቢ» አላት። «ሰው እጠራልሻለሁ።»

ቅጥሩ ሥር ቆሞ ነፋ። ከዚያ አፉ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ጮኸ፦

«የደብተራ ሰፈር ሰው! በአለቃ ገብረ ሊባኖስ ቤት ሐዘን አለ! ቀብር በስድስት ሰዓት!»

እየለፈፈ ታችኛው መንገድ ደርሶ ሲመለስ ሰፈሩ ተገልብጦ ወጥቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው ይሮጣሉ። ካህናቱ ከየደብሩ መስቀልና ጽና ይዘው እየመጡ ነው። ቅጣው ደስ አለው፤ ለአንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ይህ ሁሉ ሰው! ሰፈሬ እኮ ጉድ ነው ሲል፣ የሰፈሩ ነባር እማማ መስታወት ደረቷን እየደቃች አለፈችው።

«ወለተ ገብርኤል እኅቴን! ሳላይሽ!»

ቅጣው ባለበት ቀረ። እማሆይ ወለተ ገብርኤል የአለቃ ሚስት ናቸው። አለቃ ከሞቱ በኋላ መንኩሰው፣ ደሃና ወረዳ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ መታመማቸውንም ሁሉ ሰው ሰምቷል። ሰዉ ቤቱን ሲሰማ፣ ሬሳቸው ለቀብር የመጣ መስሎት፣ ሟቹን ደረሰበት፤ በገዛ ደንቡ መሠረት አጥርቶ ተሳሳተ።

ደጁ ላይ ሲደርስ ድንኳኑ ሊተከል ነው። አሁን ካልተናገረ ሬሳው ሲወጣ ጉድ ይፈላል። ከተናገረ ደግሞ ሰዉ ይበተናል፤ ማስተዋልም ሰው እጠራልሻለሁ ባላት ሰው አፍ ከእናቷ ሬሳ ጋር ብቻዋን ትቀራለች።

«ወገኖቼ» አለ፣ ድምፁ እንደ ጥሩምባው አልወጣም። «እማሆይ በሕይወት አሉ። የሞተችው የማስተዋል እናት ናት፣ ተከራይዋ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ለቅሶው ቆመ። ካስማ የያዙት ሁለት ሰዎች ካስማውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከኋላ ያሉት መንሾካሾክ ጀመሩ፤ አንዳንዱ ነጠላውን አስተካክሎ ሰዓቱን አየ። ማስተዋል በክፍሏ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ታያለች። የሻምበል ወደ ቅጣው ጠጋ አለ።

«አያ ቅጣው፣ ዛሬ ደንብም ሰበሩ፣ ሰውም አስደነገጡ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷን እኔም አዝንላታለሁ። ግን ድንኳኑ የአባል ነው። እኔ ብቻዬን ምን ልወስን?»

ቅጣው ሊመልስለት የሚችለው ነገር ነበረው። ሠላሳ አንድ ዓመት ይዞት ኖሯል፤ ሰውን በሕዝብ ፊት ማሳፈር ስለማይወድ ዝም አለ። እማማ መስታወት ግን ዝም አላለችም።

«የሻምበል ልጄ፣ አባትህ ሲሞት ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አራት ነው አሉኝ።»

«በየትኛው ቤት እንደሞተስ ነገሩህ?»

አላወቀም። እሱ የሚያውቀው እናቱ ኋላ የሠራችውን ቤት ነው።

«እዚህ ነው» አለች ወደ ማስተዋል በር እያመለከተች። «በዚህችው ክፍል። ጨው ጭኖ መጥቶ ታመመ። እድር የለው፣ ዘመድ የለው። እናትህ አንተን አዝላ ታለቅሳለች። አለቃ ቅጣውን ጠሩና ‹በእኔ ቤት ብለህ ጥራ› አሉት። የመጀመሪያ ጥሩምባው ነበር። አለቃ ሞቱ ብለን ግልብጥ ብለን ብንመጣ፣ አለቃ ራሳቸው በር ላይ ቆመው ‹ግቡ› አሉን። ገባን፤ ማንም አልተመለሰም።»

የሻምበል ቅጣውን አየው። ቅጣው መሬት መሬቱን ያያል። የሻምበል ጎንበስ ብሎ ካስማውን አነሣ።

«ገመዱን አቀብሉኝ» አለ።

ቅጣው በዚያች ሰዓት ያመሰገነውን ያህል እግዜርን አመስግኖ አያውቅም።

ድንኳኑ ገና ሳይወጠር የየሻምበል ስልክ ጮኸ። አንዱ ቀልጣፋ የእማሆይን ሞት ቴሌግራም ላይ ለጥፎት ኖሯል፤ ወሬው ደሃና ደርሷል። የደወሉት እማሆይ ራሳቸው ናቸው።

«ማን ነው እኔን የገደለኝ?»

የሻምበል ስልኩን ለቅጣው ሰጠው። «እኔ ነኝ እማሆይ፣ ይማሩኝ» ብሎ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው።

«ካህናቱ መጥተዋል?»

«ግቢው አልበቃቸውም።»

«ሰዉስ?»

«መቆሚያ የለም።»

«ተመስገን!» አሉ እማሆይ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስሞት ማን ይመጣልኝ ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ነበር። አሁን አወቅሁ። ለእኔ የመጣውን ሰው ለእሷ ስጡልኝ ቅጣው። ለሠልስቱ እመጣለሁ።»

እማማ መስታወት ወደ ማስተዋል ሄዳ የእናቷን ስም ጠየቀቻት። የጠየቀቻት በኽምጣኛ፣ በማስተዋል አገር ቋንቋ ነበር፤ ያን ቋንቋ ከሰፈሩ ነባር ሰው አፍ የሰማ ከጠፋ ቆይቷል። ከዚያ ያቋረጠችውን ለቅሶ በለተሥላሴ ስም፣ በዚያው በኽምጣኛ ቀጠለች። ማስተዋል ከማለዳ ጀምሮ ያልወጣላት እንባ ያኔ ወጣላት።

ስድስት ሰዓት ላይ ሬሳው ወጣ። ማስተዋል ቃሬዛውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ከየሻምበል ትከሻ አንዱ ይቀበላል፣ ከእሱ ሌላው ይቀበላል፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ባዶ ቦታ አላገኘችም። ባዶ እጇን ይዛ ከኋላ ተከተለች።

እማሆይ በሠልስቱ ዋዜማ ከሚኒባስ ወረዱ። ሰዉ እየሳቀም እያለቀሰም ሳማቸው። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ማስተዋል ክፍል ገቡና ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ማታ ሲወጡ ቅጣውን በሩ ላይ አገኙት።

«ነገ ለሠልስቱ ስትጠራ ቤቱን በማን ልትጠራው ነው?»

«በአለቃ ነዋ፣ እንደ ድሮው።»

«አለቃ ስማቸውን ብዙ አውሰዋል፤ ይረፉ እንግዲህ። ሐዘኑ የእሷ ነው፣ ቤቱንም በእሷ ጥራው።»

«ሰዉ ባይለየውስ እማሆይ?»

«ጥራውና እይ።»

በማግሥቱ ማለዳ ቅጣው ቅጥሩ ሥር ቆመ። በዚህ ሰፈር ቤት በተከራይ ስም፣ ለዚያውም በሴት ስም፣ ተጠርቶ አያውቅም። ነፋ። አፉ «በአለ...» ብሎ ጀመረና ያዘው።

«የደብተራ ሰፈር ሰው! በማስተዋል ቤት ሠልስት ነው! በማስተዋል ቤት!»

ቆሞ ጠበቀ። የእማማ መስታወት በር ተከፈተ። የሞባይል ጠጋኙም በር ተከፈተ። የሻምበል ሱቁን መልሶ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ መጣ። የማን ቤት ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።