በረጅሙ ሌንስ የታየው ብሎን

ፎቶ አንሺው በጠዋት ሌንስ መሸጫው ድረስ የሄደው ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ስለነበረበት ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ እያነሳ ነው የሚኖረው። አሮጌው ሌንሱ የዝናብ ውሃ ገብቶበት ሆዱ ውስጥ ሻጋታ አብቅሏል፤ ተጫዋቾቹ ራቅ ካሉ ሁሉም ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ።

ባለሱቁ ቦርጫም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሁለት ሌንስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆመለት። አንዱ አጠር ደንደን ያለ ነው፤ የሩቁን የሚያቀርብበት ዙሙ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ላይ ያበቃል፣ ብርሃን ግን እንደ ልብ ያስገባል። ሌላው እስከ ስድስት መቶ የሚስብ ረጅም ሲሆን በብርሃን በኩል ቆጥቋጣ ነው።

«አጭሩ ሲመሽም አያሳፍርህም» አለ ባለሱቁ። «ረጅሙ እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት ነው። የሰው ጓዳ ድረስ ያያል፤ ትንሽ ሲነኩት ግን ይንቀጠቀጣል።»

«ማዶ ጎል ድረስ የሚደርስልኝ ነበር የፈለግሁት ጋሼ። ግን ጨዋታው ሲመሻሽ ነው የሚያልቀው።»

«ሁለት ልብ ለሆነ ሰው መድኃኒቱ መሞከር ነው። በረንዳው ያውልህ።»

ሱቁ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳው ፊት ለፊት፣ ከሰፊው አስፋልት ማዶ፣ ገና አጽሙ የቆመ ሕንፃ አለ፤ ከጎኑ ቢጫ ክሬን ይዞራል። ክሬኑን የምትነዳው የፎቶ አንሺው ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ነች፤ ጢም አብቅሎም «ጩጬ» ነው የምትለው።

«ያቺ ክሬኑ ላይ ያለችው እህቴ ናት» አለ በኩራት።

«እንግዲያው ለፈጣሪ ቅርብ ናት። ስለ ገበያዬ አንድ ነገር ትበልልኝ።»

ፎቶ አንሺው እየሳቀ መጀመሪያ በአጭሩ፣ ቀጥሎ በረጅሙ፣ ክሬኑ ላይ አንድ ቦታ አነጣጥሮ አነሳ። ከዚያ ሁለቱን ምስሎች ካሜራው ስክሪን ላይ አስፍቶ ማወዳደር ጀመረ። በአጭሩ በተነሳው ላይ፣ ከጋቢናው በታች ሁለቱ የብረት ክፍሎች በሚጋጠሙበት ማዕዘን፣ ጥቁር ነጥብ ይታያል። የወፍ ኩስ መሰለው። በረጅሙ የተነሳውን ሲያሰፋው ነጥቡ ብሎን ሆነ። ዳዶው የለም። ብሎኑ ከቀዳዳው ወደ ታች ተንሸራትቶ ግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሏል።

ደግሞ አነሳ። ክሬኑ የፌሮ እስር አንጠልጥሎ ሲዞር በሁለቱ ብረቶች መሃል ጭላንጭል ተከፈተ፤ በጭላንጭሉ ሰማይ ታየ። ተመልሶ ሲዞር ተዘጋ።

ካሜራውን ወደ ባለሱቁ ዘረጋ። «ጋሼ… ይሄን ይዩልኝ።»

ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ጠፋ። «ደውልላት!»

ስልኳ ይጠራል፤ አይነሳም። ሥራ ላይ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ነው የምታኖረው። በዚህ ጥንቃቄዋ ሰው ፊት ይመካ ነበር፤ አሁን ረገመው። ወደ ደረጃው ሊሮጥ ሲነሳ ባለሱቁ ክንዱን ያዘው።

«ወርደህ፣ አስፋልት ተሻግረህ፣ ከዘበኛ ጋር ተጨቃጭቀህ እስክትገባ ስንቴ ትዞራለች? አጥሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ስልክ ቁጥር የለውም?»

ረጅሙን ሌንስ ወደ ሰሌዳው አዞረው። ሌንሱ ትንሽ ሲነካ ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሮቹ ይዘላሉ። እየተንተባተበ አነበበ፤ ባለሱቁ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ወንበር ላይ አኖረው።

«አቤት፣ ፎርማኑ ነኝ።»

«ክሬኑን አስቁሙት! ከጋቢናው በታች ብሎን ወጥቷል!»

«ማን ነህ አንተ?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ከማዶ ፎቅ ላይ ሆኜ…»

«የቀረጻ ፈቃድ አለህ? ስማ ወንድም፣ ሥራ ላይ ነን…»

«እህቴ ናት ላይ ያለችው! የእናቴ ልጅ ናት!»

 ፎርማኑ ድምፁ ተለውጦ «ጩጬ ማለት አንተ ነህ?» አለ። መልስም አልጠበቀ፤ በሬዲዮ «አቁሚ! መዞር አቁሚ!» ሲል ተሰማ። ቢጫው ክንድ ፌሮውን እንዳንጠለጠለ አየር ላይ ቆመ።

«ጭነቱን ትልቀቀውና ትውረድ!» አለ ፎቶ አንሺው።

«አይሆንም። ድንገት ከለቀቀችው ክሬኑ ወደ ኋላ ይወረወራል። ቀስ ብላ ታወርደዋለች። አንተ ዓይንህን ከዚያ እንዳትነቅል፤ ከታች አይታየንም። ክፍተቱ ከሰፋ ንገረኝ።»

ባለሱቁ የፎቶ አንሺውን ካሜራ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰረለት፤ አጭሩን ሌንስ ደግሞ በሱቁ ካሜራ ላይ ገጥሞ አጠገቡ ቆመ። «አንተ ብሎኑን፣ እኔ እህትህን።»

ፌሮው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። «አሁንስ?» ይላል ፎርማኑ። «ትንሽ ተከፍቷል።» «አሁንስ?» «አልተዘጋም።» ነፋስ መጣ። ምስሉ ተወዛወዘ፤ የሚወዛወዘው ክሬኑ ይሁን ሌንሱ መለየት አቃተው። እጁን ከካሜራው ላይ አነሳ፣ ትንፋሹን ዋጠ። ምስሉ አሁንም ይወዛወዛል። የሚወዛወዘው ክሬኑ ነበር።

በመጨረሻ ፌሮው መሬት ነካ። ከፎርማኑ ሬዲዮ የእህቱ ድምፅ በስልኩ ተሰማ። «ልወርድ ነው። ለመሆኑ ማን ነው ያየው?»

«ወንድምሽ።»

«ቁርስ በልቷል?» አለች። ሲፈራ የነበረ ልጅ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይታለላል ብላ እንደሆነ እንጃ። እሱ ግን ድምፅዋ መሰበሩን ሰምቶታል።

መሰላሉ የሚያልፈው በዚያው ማዕዘን አጠገብ ነው።

«በሩን ከፈተች» አለ ባለሱቁ። «እግሯን አወረደች… ቆመች።»

«ለምን ቆመች?»

«እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች ነው። አንተ ብሎኑን እይ!»

ጫማዋ ወደ ምስሉ ገባ፤ ቀጥሎ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ ፊቷ። ብሎኑ ጆሮዋ ሥር ነበር፤ ዞራ አየችው። እናታቸው የተቀበረች ቀን እንኳ ያልፈራ ፊት ነው፤ አሁን ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። በዚያች ቅጽበት ብሎኑ ከምስሉ ጠፋ።

«ወደቀ!» ብሎ ጮኸ።

በስልኩ ውስጥ ብረት በብረት ላይ ሲንኳኳ፣ ሰዎች ሲንጫጩ ተሰማ። ጭላንጭሉ ሲሰፋ ያያል፤ እሷን አያይም። ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም።

«ጋሼ! እትዬስ?»

«አለች! መሰላሉን አቅፋ ቆማለች… በርቺ እናቴ፣ በርቺ… እየወረደች ነው!»

ከዚያ በኋላ ባለሱቁ የሚለውን ቃል በቃል አልሰማም። «መሬት ረገጠች» ሲለው ብቻ ካሜራውን ትቶ በደረጃው ቁልቁል ሮጠ።

ሲደርስ እህቱ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ውሃ ለመጠጣት ትታገላለች፤ ግማሹ ደረቷ ላይ ይፈሳል። «ጨዋታህ አያመልጥህም?» አለችው። አቅፏት አለቀሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ ሜካኒኮች መጡ። ሌሎች የላሉ ብሎኖችም አገኙ፤ ክሬኑን ለማፍረስ ተወሰነ።

ፎቶ አንሺው ወደ ጨዋታው አልሄደም። ሌንሱንም የገዛው ቆይቶ ነው፤ አጭሩን ወሰደ። ባለሱቁ ተገረመ። «ያንን ባለውለታህን ትተህ?»

«በእሱ ሳይ ሰው አይታየኝም ጋሼ፤ ዓይኔ የላላ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። ትናንት እንደሱ ያለ ሌንስ ከጓደኛ ተውሼ ሜዳ ላይ ሞከርኩት፤ የጎሉን ቋሚ ስመረምር ኳሷ ገባች።»

አዲሱ ክሬን ሲቆም እህቱ ልትወጣ ተነሳች። ሸኛት። «አትፈሪም?» አላት።

«እንዴት አልፈራም? ሰው አይደለሁ?» አለችና ጓንቷን አጠለቀች።

መሰላሉን ስትይዝ ፊቱን አዞረ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆየ። «ደረሰች» ያለው አጠገቡ የቆመው ፎርማን ነው።