ጀርባው የተቆረጠ ወንበር

ልጄን «ወፌ» ያለቻት እናቷ ናት። የሰው ልጅ ሁሉ በዓመቱ ብድግ ሲል «ወፌ ቆመች!» ይባልለታል። የእኛዋ ግን ስትወለድ አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎዳ፤ ሐኪሙ ሴሬብራል ፓልሲ ነው አለን። አምስት ዓመት እስኪሞላት መቆሙ ቀርቶ መቀመጡም አቃታት። ሁለት እጆቿን ተክላ ካልተደገፈች እንደ ጎደለ ከረጢት ዘንበል ትላለች።

እናቷ ዳቦ ጋጋሪ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ይቺ ልጅ እኮ አንድ ቀን አቅፋኝ አታውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ እናቅፋታለን እንጂ የእሷ እጆች መቼ ፋታ አላቸው? እሷኑ ደግፈው ይውላሉ። ካነሳቻቸው ትወድቃለች።

እኔ አናጢ ነኝ፤ አናጢ ደግሞ ችግር ሲያይ የሚታየው እንጨት ነው። ወንበር ሠራሁላት። ቁመቷን፣ የጎኗን ስፋት ለክቼ፣ ከፍ ያለ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ መደገፊያ፣ ደረቷ ላይ ቀበቶ አደረግሁበት። መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም። ጉራ አይሁንብኝና፣ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ፊዚዮቴራፒ ለምትሠራላት ባለሙያ ላሳያት ተሸክሜው ሄድኩ።

«እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። ከዚያ ወፌ እንደተቀመጠችበት ቀበቶውን ፈታችው። ወፌ ወዲያው የጎን መደገፊያው ላይ ዘንበል አለች።

«አዩ? የተቀመጠው ወንበሩ ነው። የእሷ ወገብ ሥራ ፈቷል። ይቆረጥ።»

«ምኑ?»

«መደገፊያውን ያንሱት። ጀርባውን ደግሞ በየወሩ ሁለት ሁለት ጣት።»

ደሜ ፈላ። ኮላው በቅጡ ሳይደርቅ! ቤቴ እስክገባ ስነጫነጭ መጣሁ። ባለቤቴ ሰምታኝ ሰምታኝ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የወለድከው ልጅቷን ነው ወንበሩን?» አለችኝ። መጋዙን አነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁሌ የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ እንለማመዳለን። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሮቿ ወለሉን ይነካሉ። እኔ ከኋላዋ እንበረከክና እጆቼን ወገቧን ሳልነካ በግራና በቀኝ እዘረጋለሁ። ከፊቷ ከመላጊያዬ የወጣ ጥቅልል የእንጨት ፍቅፋቂ በክር እሰቅላለሁ። አንድ እጇን አንስታ ልትይዘው ትሞክራለች፣ ሦስት ሳልቆጥር ትወድቃለች፣ እይዛታለሁ። «አባዬ፣ ዛሬም አመለጠችኝ» ትለኛለች። ደስ ሲላት ደግሞ ይብሳል፤ ሰውነቷ ተገትሮ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ልጅን «ቀስ ብለሽ ደስ ይበልሽ» ብሎ መለመን እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

በዘጠነኛው ወር ጀርባው አለቀ። ያ ሁሉ ወንበር መደገፊያ የሌለው ዱካ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ስንለማመድ እናቷ ዱቄቷን ሳታራግፍ ከተፍ አለች። ወፌ ስታያት ትገተራለች ብዬ እጄን አዘጋጀሁ። እሷ ግን ቀኝ እጇን አነሳች። ቀጥላ ግራውን። እናቷ ሮጣ ፊቷ ተንበረከከች፤ ወፌም በሁለት እጇ አንገቷን አቀፈቻት።

«ወፌ ተቀመጠች! ኧረ ወፌ ተቀመጠች!» እናትየው ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

እኔ ከኋላ ነኝ። የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ማንም ያልያዘው። ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ ቀናሁም። ይህን ያህል ጊዜ ከኋላ የተንበረከከ ሰው አንድ ቀን ፊት ለፊት መሆን ያምረዋል።

«አባዬስ?» አለች ወፌ።

መዞር ገና ነው፤ ባለሙያዋ የከርሞ ሥራ ነው ብላናለች። «አትዙሪ፣ ወፌ!» አልኳት። የእኔ ልጅ መቼ ሰምታኝ ታውቅና! የእናቷን አንገት ለቀቀች። ራሷ ዞረ፣ ትከሻዋ ተከተለ፣ ሁለቱም እጆቿ አየር ላይ እንዳሉ ወደ እኔ መጣች።

ያዝኳት። እጆቿ አንገቴ ላይ ነበሩ። ወድቃ ይሁን አቅፋኝ አልጠየቅኳትም። እሷም አልለቀቀችኝም።