ያልታረደ ዶሮ

፩

«ስፖንጅ ነው። ዕቃ እጠቢበት።»

ይህ የእናቴ የየሻረግ ፍርድ ነው፤ ከገበያ ባመጣሁት የሶያ ሥጋ ላይ። ቀቅዬ፣ ጨምቄ፣ በቁሌት አብስዬ ነበር ያቀረብኩላት። አንዴ አኘከች፤ የቀረውን ወደ ሳህኑ ዳር ገፋችው።


፪

አንባቢ ከዚህ ሳያልፍ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ይወቅ።

እትዬ ዘምዘም የጓሮ ጎረቤታችን ናቸው። ደሴን ለቀው ጅማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ ለመክረም ሳይሆን ለመኖር። እሳቸውና እናቴ ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል፤ ባሎቻቸውን ሲቀብሩም አንዷ ሌላዋን ደግፋ ነው። የአንዷን ዶሮ ወጥ ግን ሌላዋ ቀምሳው አታውቅም። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ የጋራ ነው፤ ሥጋ ግን ለየብቻ። አራጁ በማን ስም እንዳረደው ነው ነገሩ። ለበዓል የሚላላኩት ዶሮ እንኳን ከነነፍሱ ነው፤ በጓሮ በር እየጮኸ ይገባል፣ ተቀባይዋ በራሷ ወግ ታሳርደዋለች።

ልብሳቸውን ሳጣጥፍላቸው ነው የነገሩኝ። በየፋሲካው የእናቴ ወጥ ሽታ አጥሩን ዘሎ ምድጃቸው ድረስ እንደሚመጣ አወሩልኝ። ከዚያ የያዙትን ነጠላ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«የየሻረግ ዶሮ ምን ምን እንደሚል ሳላውቅ ልሄድ ነው።»


፫

ሥራዬ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ሲቸግረኝ እከፋፍለዋለሁ።

ሽንኩርት ሃይማኖት የለውም። በርበሬም የለውም። ቅቤና እንቁላል አይታረዱም። ስለዚህ ሁለቱን ሴቶች ከአንድ ትሪ የሚያርቃቸው

ዶሮው

ብቻ ነው።


፬

ሙከራ። እንጉዳይ። መልኩ ደህና፣ ሽታው ደህና፤ ጥርስ ሳይደርስበት አለቀ። እናቴ፣ ጥርስ ላላወጣ ሕፃን ይሁን አለች።


፬

ሙከራ። የሽምብራ ዱቄት። ለውሼ፣ ቅርጽ አስይዤ ጠበስኩት። እናቴ ከሩቅ አወቀችው፤ በየጾሙ የምንሠራው የሽምብራ ዓሣ ነው። ዶሮ ብልክሽ ዓሣ አጥምደሽ መጣሽ አለችኝ።


፬

ሙከራ። የስንዴ ሊጥ። ለዚህኛው የራሱ ቁጥር ይገባዋል።


፭

የስንዴ ዱቄት በጨውና በውሃ አቡኩ። ጠጠር ይበል። ሸፍናችሁ አሳርፉት።

አሁን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ከታችሁ እሹት፤ እንደ ልብስ። ውሃው ወተት ይመስላል። ድፉት። ሌላ ውሃ ሙሉበት፣ እንደገና እሹት። ውሃው ጥርት ሲል እጃችሁ ላይ የሚቀረው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነገር ነው። ተስፋ አትቁረጡ። ሳቡት፣ እንደ ገመድ ግመዱት፣ ቋጥሩት፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ በለዘብታ እሳት ቀቅሉት።

ሲቀዘቅዝ በጣታችሁ ሰንጥቁት። ክር ክር ካለ ደርሷል።

ካላለ ለእናታችሁ አታሳዩ።


፮

እናቴ አንዱን ክር ስባ ወደ መስኮቱ ያዘችው።

አገላብጣ አየችው።

ቅመሺው ብላት እምቢ አለች። ከዘሙ በፊት አልቀምስም፣ አብረን ነው የምናውቀው አለች።


፯

ቅዳሜ። እትዬ ዘምዘም በማግስቱ ይሄዳሉ።

የእኛ ድስት ስንት ፋሲካ ያየ ነው ብላ አዲስ ድስት ያስገዛችኝ እናቴ ናት። አዲስ ማማሰያም። ቢላዋውን ከእትዬ ዘምዘም ቤት አስመጣች። ሽንኩርቱን ራሷ ስታቁላላ ዋለች፤ እንቁላሉን ቀቅላ ላጠች። እኔ እንድነካ የተፈቀደልኝ ስንዴውን ብቻ ነበር። እሱንም ሊቆረጥ ሲል ቀማችኝ። ብልት ማውጣት እኔን ጠይቂኝ አለች፣ ይሄ ፈረሰኛ፣ ይሄ መላላጫ፣ ይሄ ክንፍ እያለች በጣቷ መስመር አወጣችበት። ደስ ብሏት ነበር። በደስታዋ መሐል ቢላዋውን ስንዴው ላይ አሳረፈችና፣ ዕድሜ ልኳን በዶሮ ላይ እንደምትለው፣ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አለች።

ቢላዋው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።


፰

(የግርጌ ማስታወሻ፣ ከቦታው ቀድሞ የወጣ።) በቋንቋችን መባረክ ማረድም ነው። በጉ ተባረከ ስንል ታረደ ማለታችን ነው። እንግዲህ እናቴ ስንዴውን ባረከችው ማለት


ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልቻልኩም።


፱

አትንገሪያቸው አልኳት። ስንዴ ስንዴ ነው፣ የሰማም የለም።

ከነነፍሱ ዶሮ ስልክላት የኖርኩት ዛሬ ላታልላት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሌላ ሊጥ ለማጠብ ጊዜ አልነበረንም። ቁርጥራጮቹን ወጡ ውስጥ ጨመረች፤ ከዚያም በጎን ምድጃ ላይ ሽሮ ጣደች።


፲

የሻረግ፦ ዘሙ፣ ሳትቀመጪ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባረኩት።

ዘምዘም፦ ምኑን?

የሻረግ፦ ስንዴውን። ከአፌ አመለጠኝ። በአብ ስም ቆረጥኩት።

ዘምዘም፦ ...

ዘምዘም፦ ደም ወጣው?

የሻረግ፦ የለም።

ዘምዘም፦ ተንፈራገጠ?

የሻረግ፦ አትቀልጂ፣ ዘሙ።

ዘምዘም፦ አንቺስ ብትሆኚ ከመቼ ወዲህ ነው አራጅ የሆንሽው? ሴት አይደለሽም እንዴ?

የሻረግ፦ ሽሮም ሠርቻለሁ። ሽሮው ያለ ነው።

ዘምዘም፦ ...


፲፩

ሁለቱ ዝምታዎች ጽሑፍ ላይ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

በመጀመሪያው እትዬ ዘምዘም ሳቃቸውን እየያዙ ነበር። በሁለተኛው ድስቱን አዩት፣ ሽሮውን አዩት፣ በመጨረሻ የእናቴን እጅ አዩት፤ እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ እንደቆመች ነበር። እትዬ ዘምዘም ለይስሙላ የሚሰግዱ ሴት አይደሉም። እምቢ ቢሉ እናቴ አትቀየማቸውም ነበር፤ ሽሮውን ታወጣና የሁልጊዜውን ይበሉ ነበር፤ ይለያዩም ነበር።

«የሹ፣» አሉ፤ «እኔ ከሥጋሽ ነው የራቅኩት። ከጸሎትሽ መቼ ራቅኩ?»

እጃቸውን ዘረጉ፤ አስታጠብኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ።


፲፪

አንድ ትሪ።

ፈረሰኛው የአባወራ ነው። አባወራ የለም። እናቴ ከእንቁላል ጋር ጠቅልላ አጎረሰቻቸው፤ እሳቸውም ከዚያው ቆርሰው ለእሷ። ሁለቱ እኩል ማኘክ ጀመሩ።

እኔም ከዳር ቀመስኩ። ያገኘሁትን ልናገር። ወጡ የእናቴ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ክሩ የዶሮ ክር ነው። ዶሮ አይደለም። አጥንት አጠገብ ያለው፣ በምላስ ተፈልጎ የሚገኘው ነገር የለም፤ በምን እንደምተካው አላወቅኩም።

እትዬ ዘምዘም ዋጡ። ጣታቸውን ላሱ። ዓይናቸው ትንሽ ረጥቧል፤ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ መለየት አልቻልኩም። ወደ እናቴ ዞሩ።

«ዶሮሽ እንዲህ ነው?»


፲፫

እናቴ ስለ ምግብ ዋሽታ አታውቅም። ለሙሽራ አልዋሸችም፣ ለሐዘንተኛ አልዋሸችም።

እስክትውጥ ጠበቅናት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠረገች። ትሪውን አየችው፤ ከዚያ እሳቸውን አየቻቸው፣ ረጅም ጊዜ። በወጥ የራሰ እጇን እጃቸው ላይ አሳርፋ አለቻቸው፤ ቃሉን ለሁለቱ ትቼዋለሁ፦


«                                        »