ከእንቁላል ጋር ያደረው ሣጥን

በቤተ ሙከራው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ፈታይዋ» ነው የሚሏት። እውነትም ትፈትላለች፤ ግን እንዝርት የላትም፣ ጥጥም አትነካም። ከመርፌ ጫፍ የሚወጣ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ እየሳበች፣ ዓይን ለይቶ የማያየው ክር ታደርገዋለች። በክሩ ውስጥ እጅግ የደቀቀ ብር አለበት። ክሩ ተደራርቦ ሲጠራቀም ቢጫ ጨርቅ ይወጣዋል፤ ጨርቁም በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ተቆርጦ ደረት ላይ ይለጠፋል። ከቆሻሻ ጉድጓድ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሲነካው ብሩ ይጠቁርና ቢጫው ቡናማ ይሆናል። ያ ጋዝ ተንኮለኛ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰውየው «እፎይ፣ ሽታው ጠፋ» ባለ በደቂቃው ይወድቃል።

ታላቅ ወንድሟ በቆዳ ፋብሪካው የቆሻሻ ጉድጓድ ጠራጊዎች አለቃ ነበር። ጨርቁን መጀመሪያ የለጠፈውም እሱ ነው። ሠራተኞቹ «ይቺ ፕላስተር ምን ታውቃለች?» ብለው ሲያላግጡ፣ «እህቴ የፈተለችው ነው፤ ያለሱ ማንም አይወርድም» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

ጥፋቱ የመጣው ከምሳ ዕቃ ነው። የቤተ ሙከራው መሣሪያ ጠጋኝ የተቀቀለ እንቁላሉን ጨርቆቹ ካሉበት ቁምሳጥን ውስጥ ረሳው። በአራተኛው ቀን ሲከፈት በአንዱ ሣጥን ከላይ የነበሩት ጨርቆች ቡናማ ሆነዋል። ተሳቀ፤ ጠጋኙም ሳምንቱን ሙሉ «እንቁላል ጣዩ» ተባለ። ፈታይዋ የተበላሹትን ለቅማ ጣለች። ከሥር ያሉትን ቢጫ ናቸው ብላ ከፊሉን ወደ ፋብሪካው ላከች፤ በልቧ ግን ያንን ሣጥን አላመነችውም።

ማክሰኞ ጠዋት ወንድሟ ደወለ።

«እህት ዓለም፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ጨርቁ ቡናማ ሆነብኝ። ሽታ ግን የለም። ምን ላድርግ?»

መርፌው ተደፍኖባት ነበር። ስልኩን በትከሻዋ አጣብቃ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ፣ «ኧረ እሱ ከእንቁላሉ ሣጥን ነው። አትስማው» አለችው።

ወረደ። ሦስተኛው የመሰላል እርከን ላይ ሳለ እጁ ለቀቀ። በገመድ ታስሮ ስለነበር ጎትተው አወጡት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፈታይዋ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ሆስፒታል ሄዳ ስታየውም አላለቀሰችም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትፈትላለች፤ ሰው ሲጠራት ግን ሌላ ሰው የተጠራ ይመስላታል። ጥፋቱ የእሷ መሆኑን እንደ ቤቷ ቁጥር አሳምራ ታውቀዋለች፤ ማወቋ ግን የትም ቦታ አልነካትም። ከሣጥኑ የቀሩትን ሠላሳ ጨርቆች መርምሪ ሲሏት መረመረች። ሠላሳውም ደህና ነበሩ። «ጨርቁ በትክክል አስጠንቅቋል» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ፋብሪካው ያንን ወረቀት ይዞ «ማስጠንቀቂያ እያየ የወረደ አለቃ» ሲል ወንድሟን ሊያሰናብት ኮሚቴ ጠራ። ስለ ስልኩ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሱም «ከመውደቄ በፊት የሆነውን አላስታውስም» ብሎ ነበር።

ፈታይዋ ኮሚቴው ፊት ተነሥታ ቆመች።

«ደውሎልኝ ነበር። አትስማው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ፣ የሸበቱት የፋብሪካው ሹም፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ይኼኔ ወንድሟ ሳቀ።

«አይ እህቴ! ድሮም እንዲሁ ናት። ልጆች ሆነን እኔ ዕቃ ስሰብር ጥፋቱን በራሷ አድርጋ እሷ ነበረች የምትገረፈው።»

ኮሚቴው ተሳሳቀ። ስልኳን አውጥታ ጥሪው የገባበትን ሰዓት አሳየቻቸው።

«እህትና ወንድም ቢደዋወሉ ምን ይገርማል?» አሉ ሊቀመንበሩ። «እንዲህ ያለች እህት ለሁሉም ይስጥ። ተቀመጪ ልጄ።»

ተቀመጠች። ውሳኔው ተነበበ፤ ወንድሟ ተሰናበተ። ሲወጡ ሊቀመንበሩ እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጧት፤ እጇ እንደ ጓንት ቀዝቃዛ ነበር።

ግቢው ውስጥ ወንድሟን እጅጌውን ይዛ አስቆመችው።

«እውነት ረስተኸዋል?»

«ምኑን እረሳዋለሁ? ድምፅሽ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ? ሥራህን እኮ ነው ያጣኸው!»

የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኪሱ ከተተና በአገጩ ወዲያ ጠቆማት። ሦስት ጠራጊዎች ቢጫዋን ጨርቅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ ጉድጓዱ ይሄዱ ነበር።

«እነዚያ የሚያውቁት ጨርቁ እንደነገረኝና እኔ እንደናቅሁት ነው። ስለዚህ እነሱ አይንቁትም» አላት። «የፈተለችው ራሷ አላመነችውም ከተባለ ግን፣ ነገ ማን ይለጥፈዋል?»

ጉድጓዱ አፍ ላይ የደረሰው የመጀመሪያው ሰው ቆም ብሎ ደረቱን አየ፤ ከዚያ ወረደ።