ለሁለት ቤት አንድ ወንበር

ወንበሩ አራቱን እግሮቹን ወደ ሰማይ አንጨፍርሮ በአጥሩ ላይ ተሻገረ። ጡረተኛው ዘበኛ ከወዲያ ገፋ፤ አሮጊቷ ልብስ ሰፊ ከወዲህ ተቀበለች።

«እንግዳዋ እኔ ቤት ከመድረሷ በፊት ይመለስ» አለ ዘበኛው በሹክሹክታ። «ከረሳሽ እየሳልኩ አስታውስሻለሁ።»

«እኔ የሰው ዕቃ ረስቼ አውቃለሁ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከእሱ የተዋሰችው መዶሻ ቤቷ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

በመንደሩ መደገፊያ ያለው ወንበር ይህ አንድ ብቻ ነው። ሐኪምም ይምጣ ቄስ፣ እንግዳ በሌላ ነገር ላይ ማስቀመጥ ነውር ስለሆነ ወንበሩ በጓሮ በኩል እየዞረ ቀድሞ ይገኛል። ይህን የማያውቁት እንግዶቹ ብቻ ናቸው።

የዛሬዋን እንግዳ ሁለቱንም ቤት እንድታይ የላካት የቤተ ክርስቲያኑ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ጣሪያ ያድሳል፤ ለዚህ ክረምት የቀረው ቆርቆሮ ግን ለአንድ ቤት ብቻ እንደሚበቃ ቄሱ ተናግረዋል። ልብስ ሰፊዋ ያንን ቆርቆሮ አጥብቃ ትፈልገዋለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትጎትት ኖራ፣ ዘንድሮ የሚጎተትበት ደረቅ ጥግ አልቆባታል።

ታዲያ ጠዋት ተነሥታ ምን አደረገች? ሳፋውንና ባልዲውን አልጋ ሥር ደበቀቻቸው። ውሃ የወረደበትን ግድግዳ በአበባማ ጨርቅ ሸፈነችው። ችግሯን ሊያይ ከሚመጣ ሰው ችግሯን መደበቅ የጤና እንዳልሆነ አጥታው አይደለም፤ እጇ አልሰማ ብሏት ነው።

ወጣቷ የማኅበር ሠራተኛ ጃንጥላዋን በሩ ላይ ሰቅላ ገባችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን ጎደለዎት?»

ልብስ ሰፊዋ መልሱን ስታጠና ነው የሰነበተችው። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ሆነ።

«እግዚአብሔር ይመስገን! ምን ይጎድለኛል ልጄ!»

ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት።

«እውነትም ቤትዎ ደስ ይላል» አለች ወጣቷ ዙሪያውን እያየች። «ወንበሩ ራሱ እንዴት ይመቻል!»

ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ ዘበኛው ሳለ።

«ውይ! ማን ነው እንደዚህ የሚያስለው?»

«ጎረቤቴ ነው። ምንም አይደል።»

ዘበኛው ዳግመኛ ሳለ፤ አሁንስ አንጀቱ የሚወጣ መሰለ። ወጣቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ምንም አይደል ይላሉ እንዴ እማማ? ይሄ እኮ ሳንባ ድረስ የገባ ብርድ ነው። ጣሪያቸው ቢያፈስ ነው። ቆርቆሮው ለእሳቸው ሳይሻል አይቀርም።»

‹ከእኔና ከአንቺ የበለጠ ጤነኛ ነው! ወንበሩን ፈልጎ ነው!› የሚለው ጩኸት ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብትናገር እሷም፣ እሱም፣ መንደሩም ጉድ ሊሆኑ ነው።

«እግዜር ይማረው» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ወጣቷ በመንገዱ፣ ወንበሩ በአጥሩ በኩል ወደ ዘበኛው ቤት ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ሰማዩ ተቀደደ። ልብስ ሰፊዋ ሳፋውንና ባልዲውን ከአልጋ ሥር ጎትታ ብታወጣ አንዱ ጠብታ አናቷ ላይ አረፈ። ቀና ስትል በሩ ላይ የተረሳውን ጃንጥላ አየችው። ዘረጋችውና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። በዘበኛው ተናደደች፤ በሳሉ ተናደደች፤ ከሁሉ ይልቅ በገዛ አፏ ተናደደችና እንባዋ መጣ።

በሩ ተከፈተ። ወጣቷ በስብሳ ቆማለች።

«ጃንጥላዬን ረስቼ…» ብላ ጀመረች። ሳፋውን አየች፤ ባልዲውን አየች፤ አልጋዋ ላይ ጃንጥላ ዘርግታ የተቀመጠችውን ሴት አየች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ዝናብ ይመታሻል» አለች ልብስ ሰፊዋ ከልማዷ፤ ወዲያው ጣሪያውን ቀና ብላ አየችና አፈረች።

«ወንበሩስ እማማ?» አለች ወጣቷ፣ አሁን ዘበኛው ቤት ከእሱ ላይ ተነሥታ የመጣችውን ያንኑ ወንበር እያሰበች።

መልሱ በጓሮ በር ገባ። ዘበኛው ወንበሩን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ከጫፉ ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ አለ።

«እንግዳሽ ስትመለስ አየሁና መቀመጫ እንዳታጪ ብዬ…» አለና ከወጣቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመ። ሊስል ሞከረ፤ ሳሉ የት እንደገባ ጠፋ።

ወጣቷ ከሳፋው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ዘበኛው ተመለከተች።

«ልጄ፣ ጣሪያዬ ያፈሳል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይህን መናገር እንደ ከባድ ሥራ አደከማት። «ሁሉም ቦታ ነው የሚያፈሰው።»

«የእኔ አንድ ጥግ ብቻ ነው» አለ ዘበኛው ቀስ ብሎ። ወንበሩን መሬት ላይ አኖረና በእጅጌው ጠራረገው። «ተቀመጪ ልጄ።»

«ኧረ እማማ ይቀመጡ!»

«እንግዳ ቆሞ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ እሷም ከአልጋዋ ተነሣች። «አንተ ተቀመጥ፤ በሽተኛው አንተ ነህ።»

ወጣቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሦስቱም በአንዱ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው እርስ በርስ ሲገባበዙ፣ ባዶው ወንበር መሐል ቤት ሆኖ ይዘንብበት ጀመር።