ለምንም የማይረባው ሐይቅ

ይሄ የምነግራችሁ ነገር ሐሰት ከሆነ ምላሴ እንደ አሮጌ ቀበቶ ይበጠስ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። እንዲያውም ቀንሼላችሁ ነው እንጂ አልጨመርኩም፤ ሁሉንም ብናገርማ ማን ያምነኛል?

ሰውዬው ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ሱቁ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትንፋሹን ደጅ ትቶ ነው የሚገባው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ የሚያነክስ ወንበር አለው። ሰው እያለቀሰ ይመጣል፤ እሱ ለቅሶውን በአራት አንቀጽ ያሳጥርና አናቱ ላይ «ጉዳዩ፦» ብሎ፣ አትሞ ይሰጠዋል።

ደንበኛ ሲጠፋ ግን በዚያው ኮምፒውተር ሌላ ሰው ይሆናል። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም አለ፤ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሰው ታጥቆ ዘንዶ የሚገድልበት፣ ገድሎም ደረጃ የሚያድግበት። እዚያ ስሙ ጎራዴ ነው። አርባ ሰው ይመራል። እሱ «ቁሙ» ካለ አርባውም ሽንት ቤት እንኳ አይሄዱም።

እናቱ የሞተች ቀን ባለሦስት ራሱን ዘንዶ እየገደለ ነበር። ታናሽ እህቱ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ስልኩ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ይንቀጠቀጣል። «ሁለተኛው ራስ ይውደቅና አነሳዋለሁ» አለ። ሦስተኛው ሲወድቅ እናቱ የለችም።

እህትየው የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ የማይለቅ ደም ከአንሶላ ታስለቅቃለች። ይሄን ግን ማስለቀቅ አቃታት። ከቀብር መልስ «ጋሽዬ» የሚለው ጥሪ ከአፏ ጠፋ። ሲደውል አታነሳም። ቤቷ ድረስ ሲሄድ ጎረቤቷ ብቅ ትልና፣ «'የለችም በዪው' ብላኛለች» ትለዋለች፤ ሴትዮዋ ውሸት አይሆንላትም።

ጉዱ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ጌሙ ውስጥ ጭፍራውን አስከትሎ ሲያልፍ፣ ከመንገድ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ሐይቅ ዳር አንዲት ሴት ተቀምጣ ዓሣ ታጠምዳለች። ከራሷ በላይ የተጻፈው ስም «አታናግሩኝ» ይላል።

ያን ሐይቅ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ዓሣው ደረጃ አይጨምር፣ ጎራዴ አይስል፣ ጋሻ አያጠነክር። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ሥራ ሲፈቱ ለጨዋታ ያህል ያስቀመጡት ነው። የሚወጣውም ጉድ ነው፤ የግራ እግር ጫማ፣ የሚያፏጭ ዓሣ፣ ከያዝከው በኋላ ኮፍያህን ነጥቆ ተመልሶ የሚሰምጥ እንቁራሪት።

«እዚህ ምን ይገኛል?» ብሎ ጻፈላት።

«ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነህ ስም ማንበብ አትችልም?»

ሰውዬው ከሚያነክሰው ወንበር ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አንቺ ነሽ?»

«ከእናታችን የበለጠብህን ለማየት ነው የመጣሁት። ዘንዶህን አየሁት። ቀለሙ እንኳ አያምርም።»

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

መቃጥኗን መልሳ ውሃው ላይ ወረወረችና፣ «ዓሣው ያፏጫል» አለች።

አጠገቧ ተቀመጠ። አርባው ሰው በአርባ ዓይነት ስድብ ሰደበው፤ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ይገናኛሉ። እሷ እንፋሎት በሞላው ክፍል ባልዲ ደፍታ ትቀመጥና በረኪና ባሳበጠው ጣቷ ስልኳን ትነካካለች። እሱ በሩ ላይ «ምሳ ወጥቻለሁ» የሚል ወረቀት ይለጥፍና ውስጥ ይቀመጣል። ሕጉ አንድ ነው፤ የእናታቸው ነገር አይነሳም። ወሬው ስለ ዓሣ ብቻ ነው።

«ጫማ አወጣሁ።»

«ግራ ነው ቀኝ?»

«ግራ። ሁልጊዜ ግራ ነው።»

«ቀኙን ስታገኚ ጥሪኝ፣ ባዶ እግሬን ነኝ።»

«ያንተ እግር እንኳን ጫማ ውስጥ ጀልባ ውስጥም አይገባም፣ ጋሽዬ።»

ጻፈችው፤ ደነገጠች መሰል ወዲያው ወጣች። እሱ ግን ደስታው የሚያደርገውን አሳጣው። ተነስቶ ባዶ ወረቀት ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ሠላሳ ኮፒ አነሳ።

በሦስተኛው ወር የጌሙ ባለቤቶች ማስታወቂያ አወጡ። ጥቂት ተጠቃሚ ያላቸው ቦታዎች በወሩ መጨረሻ ይነሳሉ። የመጀመሪያው ሐይቁ ነው፤ «ተጠቃሚ፦ ሁለት»።

«በቃ ይዝጉት» አለች እህቱ። «የኛም ነገር እስከዚሁ ነው።»

«ሌላ ቦታ እንገናኛለና።»

«ሌላ ቦታ አንተን ማየት አልችልም። ሞክሬ አቃተኝ። እዚህ ፊትህ የለም። ዓሣ ብቻ ነው።»

ሰውዬው ያን ቀን ደንበኛ አላስተናገደም። በሃያ ዓመት ሥራው የተማረው አንድ ነገር ነው፤ «ደስ ይለናል» የሚል ማመልከቻ የትም አይደርስም። ጥቅሙ መጻፍ አለበት። ድመት እንዳይወሰድባቸው ላመለከቱ አሮጊት እንኳ «አይጥ በማጥፋት ለአካባቢው ጤና» ብሎ ነው የጻፈላቸው፤ ድመቷ ግን አይጥ ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። ስለዚህ በለመደው እጁ «የሐይቁ ጥቅሞች» ብሎ ጀመረ። ለተዋጊ ጉልበት የሚሰጥ ዓሣ ቢገባበት ተጠቃሚው እንደሚበዛ አብራራ። አርባውን ጭፍራ አስፈረመ። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ያማረ ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፤ «ተቀብለነዋል»። በደስታ ሲዘል አናቱን ደረጃው መታው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሲሄድ ሐይቁ አይታይም። ሰው ነው የሚታየው። የጌሙ ባለቤቶች የሚያፏጨውን ዓሣ አውጥተው ጉልበት የሚሰጠውን አስገብተዋል። በቀን ሃምሳ ያልያዘ ዘንዶው ጋ አይቀርብም። ከፊት የተሰለፈው የገዛ ጭፍራው ነው።

«አለቃ፣ ሃምሳህን ሞላህ?»

«ተራህን ጠብቅ! አለቃ ብትሆንስ?»

እህቱን ከሰልፉ መጨረሻ አገኛት። መቃጥኗን እንደያዘች ቆማለች።

«ምን ብለህ ጻፍክላቸው?»

«ይጠቅማል ብዬ። እንዳይዘጉት ብዬ እኮ ነው።»

«'አይጠቅምም፣ ግን ተዉልን' ብትል ምን ነበረበት?»

«እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም።»

«ጠዋት ሃምሳ አንሶላ አጥባለሁ። ከሰዓት ሃምሳ አንሶላ። አሁን ደግሞ በምሳ ሰዓቴ ሃምሳ ዓሣ አመጣህብኝ።»

መልስ ሲፈልግ እጇን አወዛወዘችለት። ከዚያ ስሟ ጠፋ። በነጋታው አልመጣችም፤ በሳምንቱም፤ በወሩም።

ሌላ ማመልከቻ ጻፈ። «ጉዳዩ፦ ሐይቁ እንዳይጠቅም ስለመጠየቅ።» መልሱ አንድ መስመር ነበር፤ «ጥያቄዎ አልገባንም።»

አሁንም በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይሰለፋል። ሃምሳውን ይሞላል፣ ዓሣውን ለጭፍራው ያድላል፣ «አታናግሩኝ» የሚል ስም ካለ ብሎ ሰልፉን ከፊት እስከ ኋላ ያያል። ዘንዶ መግደል ትቷል። ጭፍራው ግን ዓሣውን ስለሚሰጣቸው ይወዱታል።

እንግዲህ ምላሴን ለማትረፍ አንዲት ነገር ልናዘዝ። እጇን አወዛወዘችለት ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። እሱ የነገረኝ፣ መልስ ሲፈልግ ቀና ቢል ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ እንደነበር ነው።